ከአንገት በላይና ከአንጀት፦ ማታለልን የሚቃረኑ ቃላት በሽሮ ሜዳ ገበያና በሁለት ልቦለዶች

በአማርኛ ልቦለድ ላይ በሚቀርቡ ሂሳዊ መጣጥፎችና በተማሪዎች የመመረቂያ ጥናቶች ውስጥ «ሐቀኛ»፣ «ቅን»፣ «የዋህ»፣ «ታማኝ» እና «እውነተኛ» የሚሉት ቅጽሎች አንዱ በሌላው ቦታ እየገቡ ሲሠራባቸው ይታያል። አንድ ገጸ ባሕርይ በመግቢያው «ቅን» ይባልና በትንተናው «ሐቀኛ»፣ በማጠቃለያው ደግሞ «የዋህ» ሆኖ ይገኛል። ምናልባት ጸሐፊው ቃል ላለመደጋገም ብሎ ይሆናል። ይሁን እንጂ ቃላቱ አቻ አይደሉም። እያንዳንዳቸው ለይተው የሚቃወሙት የማታለል ዓይነት አላቸው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ያንን ልዩነት ማሳየትና፣ ልዩነቱ ሲዘነጋ የታወቁ ገጸ ባሕርያት እንዴት በተሳሳተ ስም እንደሚጠሩ ማመልከት ነው።

ለዚህ ዓይነቱ ምርመራ መዛግብተ ቃላት ብቻቸውን አይበቁም። የኪዳነ ወልድ ክፍሌ (1948 ዓ.ም.) እና የደስታ ተክለ ወልድ (1962 ዓ.ም.) መዛግብት የቃሉን ሥርና ዘር ያስጨብጣሉ፤ ተናጋሪው ቃሉን በማን ላይና መቼ እንደሚያውለው ግን የሚታወቀው ቃሉ ሥራ ላይ ባለበት ቦታ ነው። ስለዚህ ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ በሚወስደው መንገድ ሽቅብ ብለን ሽሮ ሜዳን መርጠናል። የመረጥነው ለቅርበቱ ብቻ አይደለም። ሽሮ ሜዳ ጋቢ፣ ነጠላና የሀበሻ ቀሚስ የሚሸጥበት፣ ከጋሞ ደጋ፣ በተለይም ከዶርዜ የመጡ ሸማኔዎች የሠፈሩበት አካባቢ ነው። ገዢው ጨርቁን ይነካል እንጂ ጨርቁ የተሠራበትን እጅ አያይም። በእጅ ተሠራ ወይስ በማሽን፣ ቀለሙ ይለቃል ወይስ አይለቅም የሚለውን ከሻጩ አፍ መቀበል አለበት። እንዲህ ባለ ቦታ የእውነትና የማታለል ቃላት ሥራ አይፈቱም። ሁለተኛም ምክንያት አለን፤ ከዚህ በታች እንደሚታየው አማርኛ ስለ ማታለል የሚናገርባቸው በርካታ ግሦች የክርና የጨርቅ ግሦች ናቸው።

አስቀድመን ቃላቱን በየተቃራኒያቸው እንያቸው። የ«እውነተኛ» ተቃራኒ «ሐሰተኛ» ወይም «ውሸታም» ነው። ጉዳዩ የተነገረው ነገርና የሆነው ነገር መግጠም አለመግጠማቸው ነው። በዚህ በኩል አማርኛ ለውሸት ያለው ስም ለእውነት ካለው ይበልጣል። «ሐሰት» የችሎትና የመሐላ ድምፀት አለው፤ «ውሸት» የቤትና የደጅ ነው፤ «ቅጥፈት» ዓይን ያወጣውን፣ ሳያፍሩ የሚናገሩትን ይጠራል፤ «እብለት» ዛሬ ከመጻሕፍትና ከሽማግሌዎች አንደበት ብዙም አይወጣም።

«ሐቀኛ» ሌላ መንገድ ይይዛል። «ሐቅ» ከዐረብኛ የመጣ ቃል ሲሆን፣ በምንጩ እንዳለው ሁሉ በአማርኛም እውነትንም፣ ለአንድ ሰው የሚገባውን ድርሻም ይጠራል። «ሐቁን ተናገር» እንላለን፤ «የሰው ሐቅ አትብላ»ም እንላለን። ስለዚህ ሐቀኛን የሚቃረነው የሌላውን ድርሻ የሚበላው «አጭበርባሪ» ነው። ሐቀኛ ሰው ዝምተኛ ሊሆን ይችላል፤ ሚዛኑ ካልጎደለ፣ ክንዱ ካላጠረ ሐቀኛ ነው። በቃል ብዛት አይፈተንም።

«ታማኝ» ከሁለቱም ይለያል። ከ«አመነ» የወጣ በመሆኑ ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ የሚያምንና የሚታመን። ተቃራኒውም «ከዳተኛ» ነው። አንድ አሽከር ለጌታው ታማኝ በመሆኑ ዳኛ ፊት ሊዋሽለት ይችላል፤ ታማኝነቱ አልጎደለም፣ እንዲያውም በዚያው ይመሰገናል። በዚህ ቃል ዙሪያ «አደራ» እና «አደራ በላ» የሚሉት ይሰለፋሉ። በቀደመው ልማድ ጥጡን በእንዝርት የምትፈትለው የቤቱ ሴት ነበረች፤ ፈትሏን ለሸማኔ ታስረክባለች፣ እርሱም ሸማ አድርጎ ይመልስላታል። ከማስረከቡ እስከ መረከቡ ያለው ጊዜ ሁሉ በአደራ የሚኖር ነው፤ ሸማኔው ስለ ፈትሉ እውነት ተናገረ ወይስ ዋሸ የሚለው ጥያቄ የሚነሳው አደራው ከፈረሰ በኋላ ነው።

«ቅን» ከ«ቀና» ጋር ዘመድ ነው፤ ቀጥ ያለ፣ ያልጎበጠ ማለት ነው። ተቃራኒውም ከዚያው ሥዕል ይወጣል፤ «ጠማማ»። ከዚያ ቀጥሎ «ተንኮለኛ» ይመጣል። ቅንነት የሐሳብ ባሕርይ ነው። ቅን ሰው ባለማወቅ ሐሰት ቢናገር ቅንነቱ አይነካም። በአንጻሩ ተንኮለኛው አንዲት ሐሰት ሳይናገር፣ እውነቱን በክፉ ሰዓት በክፉ ጆሮ ላይ በማኖር ብቻ ቤት ያፈርሳል። ይህን ሰው አማርኛ «ውሸታም» አይለውም፤ «ነገረኛ» ወይም «ነገር አመላላሽ» ይለዋል። (በነገራችን ላይ «ቀና» ለቅናትም ማገልገሉ በንግግር አሻሚነትን ይፈጥራል፤ «ቀናለት» እና «ቀናበት» የሚለያዩት በመጨረሻው ቅጥያ ብቻ ነው።)

ከሁሉ የሚያሳዝነው «የዋህ» ነው። ተቃራኒው «ተንኮለኛ» ነው ብለን ብንጀምርም ንግግሩ ቶሎ ብሎ ወደ «ብልጥ» ያዞረናል። «ብልጥ» ደግሞ ሁልጊዜ ስድብ አይደለም። በቤተ ክርስቲያን አነጋገር የዋህነት ከታላላቅ ምግባራት አንዱ ነው፤ በገበያ ግን «የዋህ ነው» ሲባል ከአድናቆቱ ይልቅ ርኅራኄው ያመዝናል። የቅርብ ጎረቤቶቹ «ገራገር»፣ «ሞኝ»፣ «ቂል» ናቸው። በአዲስ አበባ ልጆች አነጋገር ሰንሰለቱ አንድ እርከን ወርዶ «ፋራ» ላይ ይደርሳል፤ ፋራን የሚቃረነው «አራዳ» ደግሞ ስሙን ያገኘው ከከተማዪቱ የጥንት ገበያ ሰፈር ነው። የገበያ ስም የንቃትና የብልጠት ስም ሆነ ማለት ነው።

«ጨዋ»ን እዚህ ልንዘረጋው አንችልም። በአንድ ዘመን የጭፍራ ስም፣ በሌላው የካህን ተቃራኒ፣ ደግሞም የዘር ቅጽል የነበረ ቃል ዛሬ ሥርዓት ያለውን፣ የማያጭበረብረውን ሰው መጥራቱ ራሱን የቻለ ጥናት ይፈልጋል። የሰውነት ክፍሎችን ይዘው የሚነገሩት ግን ሊታለፉ አይገባም። «ከአንገት በላይ» የተባለ ንግግር ልብ ያልነካው፣ የማስመሰል ንግግር ነው። ተቃራኒው «ከልብ» ነው፤ ከዚያ ሲጠልቅ «ከአንጀት» ይሆናል። «አፉ ቅቤ ልቡ ጩቤ» የሚባለውም ሰው የተወቀሰው በሁለት ቦታ ሁለት ነገር በማኖሩ ነው። በእነዚህ አነጋገሮች እውነተኛነት ጥልቀት ነው፤ ቃሉ ከስንት ክንድ በታች ተቀዳ የሚል ጥያቄ አለባቸው። ከ«ቅን» እና ከ«ጠማማ» ሥዕል ጋር ሲነጻጸሩ ልዩነቱ ግልጽ ነው፤ አንዱ አቅጣጫን ይለካል፣ ሌላው ጥልቀትን።

አሁን ወደ ክሩ እንምጣ። «ተንኮል ሸረበ»፣ «ሴራ ጎነጎነ»፣ «ነገር ተበተበ» እንላለን። «ሸረበ» የሹሩባ፣ «ጎነጎነ» የጉንጉን ግሥ ነው። «ጠለፈ» በሁለት ቤት ያድራል፤ በአንዱ ጥልፍ፣ በሌላው ጠለፋና «ጠልፎ ጣለው»። «ቀደደ» በከተማ ልጆች ዘንድ ያልሆነን ነገር እያጋነኑ ማውራት ሆኗል፤ ስሙም «ቀደዳ» ነው። እንግዲህ ማታለል ከክር ሥራ ይህን ሁሉ ወስዷል። ነገር ግን የሸማኔውን ዋና ግሥ አልወሰደም። «ተንኮል ሸመነ» ሲባል አንሰማም። «ድርና ማግ» ሲነሳም የሚታሰበው መዋሐድ፣ መስማማት ነው።

እንደ ይህ አቅራቢ አስተያየት ምክንያቱ በሥራዎቹ ባሕርይ ውስጥ ይገኛል። ሹሩባና ጉንጉን አንዱን ዘለላ በሌላው ሥር እያሳለፉ መነሻና መድረሻው እንዳይለይ አድርገው ይሠራሉ። በጥልፍም መርፌው ከጨርቁ ጀርባ እየጠፋ ይመለሳል። በሽመና ግን ድሩ ተወጥሮ ይታያል፣ ማጉም በመወርወሪያ እየተመላለሰ በዓይን ፊት ይገባል። ሸማኔው የሠራውን ለማወቅ ሸማውን ወደ ብርሃን ማንሳት ይበቃል፤ የሳሳው ሳስቶ፣ የጠበቀው ጠብቆ ይታያል። ቋንቋው ይህን ልዩነት ጠብቆ ኖሯል።

ቋንቋው ሸማኔውን ከማታለል ነጻ ሲያወጣው ተናጋሪው ግን አልማረውም። ይህ ጉዳይ የሥነ ቃላት ጨዋታ ብቻ አይደለም። «ጠቢብ» ከሚለው የተገኘው «ጠይብ» በተለይ ብረት ሠሪውን የሚያዋርድ ስድብ ሆኖ፣ ከቡዳ ጋር ተቆራኝቶ ኖሯል። ሸክላ ሠሪውም፣ ቆዳ ፋቂውም፣ ሸማኔውም የየራሳቸው የስድብ ስም ነበራቸው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸው ነገሩ ምን ያህል ሥር ሰዶ እንደነበር ያመለክታል። እጁ የሚታይን ነገር የሚሠራ ሰው፣ በማይታይ ነገር ሰው ይጎዳል ተብሎ ተጠረጠረ። «ጥበብ» የሚለው ቃል ዕውቀትን፣ ኪነትን፣ በቀሚሱ ዳርቻ ላይ የሚሠራውንም ባለ ቀለም ጌጥ ይጠራል፤ ጥበቡን ለብሶ ጠቢቡን «ጠይብ» ማለት ግን ለረጅም ዘመን እንደ ነውር አልተቆጠረም። ከላይ ካነሳናቸው ቃላት አንዱን እንጠቀም ከተባለ፣ እዚህ የተበላው የሸማኔው ሐቅ ነው።

በዛሬው የሽሮ ሜዳ ገበያ የቃላቱ ክፍፍል እንዴት እንደሚሠራ ጥቂት እንመልከት። ሻጩ «ዋጋ ይጠራል»፤ ገዢው «የመጨረሻውን ንገረኝ» ይላል። መጀመሪያ የተጠራው ዋጋ የመጨረሻው አለመሆኑን ሁለቱም ያውቃሉ። በዚህ ምክንያት ሻጩን «ውሸታም» የሚለው የለም፤ ቢበዛ «አስወደድክ» ይባላል። መሐላም ይገባል፤ «እናቴ ትሙት፣ ያመጣሁበት ነው» የሚለው ቃል በሌላ ቦታ ከባድ ቢሆንም በገበያ መካከል ቀልሎ ያልፋል። ነገር ግን ይኸው ሻጭ በፋብሪካ የተመረተውን ጨርቅ በእጅ የተሠራ ነው ብሎ ቢሸጥ ስሙ ይለወጣል። በቅርብ ዓመታት ከውጭ የሚገባው፣ የጥበቡን መልክ በማሽን የሚያወጣው ጨርቅ ከሸማኔው ሥራ ጎን መሰቀል ከጀመረ ወዲህ «ኦሪጅናል» እና «ፎርጂድ» የሚሉት የውጭ ቃላት ከአማርኛዎቹ ጋር እኩል ይነገራሉ። ልብ እንበል፤ እነዚህ ቃላት የሚቀጸሉት ለዕቃው ነው። «ኦሪጅናል ቀሚስ» ይባላል፤ ሰውየው በመካከል የለም። በአሮጌዎቹ ቃላት ግን ሸማው ሐቀኛ ሊባል አይችልም፣ ሐቀኛው ሸማኔው ነው። የቃል ለውጡ ኃላፊነትን ከሰው ወደ ዕቃ ማሸጋገሩ ለዚህ አቅራቢ አሳሳቢ ሆኖ ይታየዋል። «ሸወደኝ» የሚለው የከተማ ቃልም ሰውየውን ቢጠቅስም፣ ከንዴቱ ጋር የተሸወደውን የሚያሳፍር ጨዋታ አለበት፤ ጥፋቱ ግማሹ የፋራው ነው።

ከዚህ ተነስተን ወደ ልቦለዶቹ ስንሄድ የመጀመሪያው ማስረጃችን እንደገና ልብስ ነው። በአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» (1900 ዓ.ም.፣ ሮም) ውስጥ ጦቢያ ከአባቷ ጋር ወንድሟን ፍለጋ የምትወጣው ወንድ መስላ፣ የወንድ ልብስ ለብሳ ነው። ከ58 ዓመት በኋላ በታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.) ሰብለ ወንጌል በዛብህን ፍለጋ ከቤቷ የምትጠፋው የመነኩሴ ልብስ ለብሳ ነው። አንዷ በልቦለዳችን መነሻ ላይ፣ ሌላዋ በብዙዎች ዘንድ ከቁንጮው ላይ የቆሙ ሁለት ሴቶች፣ ለታማኝነታቸው ሲሉ በሐሰተኛ ልብስ ይወጣሉ። የጦቢያ ታማኝነት ለወንድሟ፣ የሰብለ ወንጌል ለፍቅሯ ነው።

የሚገርመው፣ ከአንባቢያን መካከል ሁለቱን «አታላይ» ብሎ የሚጠራቸው አለመገኘቱ ነው። በ«እውነተኛ» መለኪያ ካየናቸው ግን ሁለቱም ሐሰተኞች ናቸው፤ የሆኑትና የታዩት አይገጥምምና። የማይወቀሱት አማርኛ የሚለካቸው በ«ቅን» ወይም በ«ታማኝ» ስለሆነ ነው። ያመናቸውን አልከዱም፣ የማንንም ሐቅ አልበሉም። እንዲያውም የሰብለ ወንጌል ሁኔታ ከጦቢያ ይከብዳል፤ ጦቢያ አባቷ እያወቀ ነው የምትለብሰው፤ ሰብለ ወንጌል ግን ወላጆቿን ጥላ ትሄዳለች። እዚህ ላይ ታማኝነት ከታማኝነት ጋር ይጋጫል፤ ደራሲው ሚዛኑን ለየትኛው እንደሰጠ ርእሱ ራሱ ይናገራል። ተማሪዎች «ሰብለ ወንጌል እውነተኛ ናት» ሲሉ ይህን ግጭት በአንድ ቃል ይሸፍኑታል።

በዛብህም እንዲሁ ነው። ለቤተ ክርስቲያን የተሳለ ልጅ ነው፤ ስለቱን የገባችው እናቱ ናት። እርሱ ሳይናገር ስለ እርሱ የተነገረን ቃል ማፍረስ ክህደት ነው ወይ? «የዋህ» ወይም «ቅን» ብለን ካለፍነው ጥያቄው ይጠፋል። «ታማኝ» የሚለውን ቃል ስናመጣ ግን ለማን የሚል ጥያቄ አብሮ ይመጣል፣ ልቦለዱም የቆመው በዚያ ጥያቄ ላይ ነው።

ፊታውራሪ መሸሻን «ተንኮለኛ» የሚሉ ጽሑፎች አጋጥመውናል። ይህ በግልጽ ስሕተት ነው። ፊታውራሪ ኩሩ ናቸው፣ ግብዝ ናቸው ሊባል ይችላል፤ ከባላገሩ የማይገባቸውን ሲጠይቁ ግን በአደባባይ ነው የጠየቁት፣ ሲከለከሉም በአደባባይ ዘመቱ። የሰው ሐቅ ይበላሉ፤ አይሸርቡም። ልዩነቱን ካልያዝን ባላገሩ ለምን እንደተነሳባቸው በትክክል አንረዳም፤ የተነሳው ተታልሎ አይደለም፣ ሲወሰድበት እያየ ነው።

ይህ ሁሉ ለሃያሲው አንድ ችግር ያመጣበታል። የሃያሲው የራሱ የሥራ ቃላት ከማታለል ቃላት ጋር ቤት የተጋሩ ናቸው። የልቦለድን ድርጊት አያያዝ «ሴራ» እንለዋለን፤ ቤተ መንግሥት የሚገለበጥበትም ሴራ ነው። ድርሰትን «የፈጠራ ሥራ» እንለዋለን፤ በፍርድ ቤትም «የፈጠራ ክስ» አለ። «ምስል» እና «ምሳሌ» የወጡበት «መሰለ» «አስመሳይ»ንም ወልዷል። አፈወርቅ የመረጠው «ልብ ወለድ» ብቻ ከዚህ ሐሜት በከፊል ያመልጣል፤ የተወለደበትን ቦታ በግልጽ ይናገራልና። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ በፖለቲካው አማርኛ «አድር ባይ» የሚለው ቃል እጅግ በተሠራበት ዘመን፣ የደራሲው ማስመሰልና የካድሬው ማስመሰል የሚለዩበት ቃል መጥፋቱ ሂሳችንን ጎድቶታል ብለን እናምናለን።

ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው «ሰምና ወርቅ» የቅኔውን አሻሚነት ከማኅበረሰቡ አነጋገር ጋር አያይዞ ተርጉሞታል። ሐሳቡ ብዙ አከራክሯል። ክርክሩ ግን ሰምን ከሸፍጥ ሳይለይ ብዙ ርቆ ሄዷል። ሰም የሚጣለው ወርቁ እንዲገኝ ነው፤ ፈቺ የሌለው ቅኔ ባለቤቱን አያስደስትም። ሸፍጥ የሚሠራው እንዳይገኝ ነው፤ ፈቺ የተገኘለት ዕለት አበቃለት። ጦቢያና ሰብለ ወንጌል የለበሱት በዚህ ትርጉም ሰም ነው፤ በማሽን ተሠርቶ በእጅ ሥራ ስም የሚሸጠው ቀሚስ ሸፍጥ ነው። (በዶርዜ ባካሄደው ጥናት የሚታወቀው ፈረንሳዊው አንትሮፖሎጂስት ዳን ስፐርበር እ.ኤ.አ. በ2010 ከባልደረቦቹ ጋር አድማጭ የሚሰማውን ከማመኑ በፊት ስለሚያደርገው ጥንቃቄ ጽፏል። የሽሮ ሜዳ ገዢ ጨርቁን ወደ ብርሃን ሲያነሳ የሚያደርገው ይህንኑ ነው።)

ሰም የሌለው ሰው ምን ይባላል? የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ካሣ ዳምጤ ያሰበውን ሳይሸፍን ይናገራል። በእኛ መዘርዝር እውነተኛ ነው፣ ሐቀኛ ነው፣ ቅንም ነው። «እውነት ተናግሮ ከመሸበት ማደር» የሚለው ተረት የእርሱን ኑሮ ይመስላል፤ ተረቱ ግን ተናጋሪው የት እንደሚመሽበትና ማን እንደሚያሳድረው አይናገርም። ማኅበረሰቡ ከእነዚያ ቅጽሎች አንዱንም አልሰጠውም። ያወጣለት ስም «ጉዱ» ነው፤ ጉዱ ካሣ። ሂሳዊ ጽሑፎቻችን ይህን ቅጽል እንደ ስም ቁራጭ አድርገው ያልፉታል እንጂ ከ«ሐቀኛ» ጎን አስቀምጠው አይመረምሩትም።